መካነ ሰላምና የዩኒቨርሲቲው ደጅ

በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር፥ በዚያው ዓመት ማለቂያ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ገና ሳይጀመር፥ ከደሴ ተነሥተን ወደ ምዕራቡ የደቡብ ወሎ ደጋ ወጥተን ነበር። ጉጉፍቱ ስንደርስ ብርዱ በመስኮቱ ገብቶ ጆሯችንን ቢይዘው፥ ከጎናችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የለበሱትን ባና ከፈት አድርገው «ኑ፥ ተጠጉ፤ ደጋችን እስኪለምድ ነው እንጂ እንግዳ አይጠላም» ብለው አሣቁን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በገብስ ማሳና በበግ መንጋ መካከል ይሄዳል፤ አንዱ ክንፉ ወደ ወረኢሉ ያቀናል፤ ሌላው በአቀስታ አድርጎ ወደ መካነ ሰላም ይወስዳል። እኛም አስቀድመን ወረኢሉን ማየት ወደድን።

ወረኢሉ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት የደጋ ከተማ ናት። ዐፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ በነበሩ ጊዜ ከወሎ ጋር የሚያገናኛቸው ከተማቸው አድርገዋት ነበር። ኋላም በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ ሲያስነግሩ የሸዋው ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲገናኛቸው ቀጠሩት። ሰውም በቀጠሮው መጣ፤ ከዚህ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ዘመተ፤ የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል።

እኛ ግን በዚያ ሜዳ ዳር ቆመን ያሰብነው ስለ ድሉ አልነበረም። ያን ያህል ሠራዊት፥ ከነአጋሰሱና ከነስንቅ ተሸካሚው፥ ከነሴቱና ከነልጁ በአንዲት የደጋ ከተማ ሲሰፍር እርስ በርሱ ሳይረጋገጥ እንዴት አደረ? ብለን ተጠያየቅን። ምላሹ ከማዕርጎቻችን ስም ውስጥ ይገኛል። ፊታውራሪ ከፊት የሚሄደው ነው፤ ግራዝማች የግራው፥ ቀኛዝማች የቀኙ አዝማች ነው፤ ደጃዝማች ደግሞ የንጉሡ ድንኳን ደጅ አዝማች ማለት ነው። የንጉሡ ድንኳን ከተተከለ በኋላ እያንዳንዱ ጭፍራ በየት በኩል እንደሚሰፍርና በየት በኩል እንደሚወጣ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። እንግዲህ አባቶቻችን ለብዙ ሰው መግቢያና መውጫ ማበጀትን ከባዕድ የተማሩት አይደለም፤ ደጅ እንኳ ራሱን የቻለ አዝማች ነበረው።

ይህን ነገር ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በማግስቱ መካነ ሰላም ስንደርስ ያገኘነው ሌላ ሠራዊት ነው፤ ይኸኛው ግን የያዘው ደብተርና ስልክ ነው።

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከፍታዋ 2,600 ሜትር ያህል ነው። ከአቀስታ የሚመጣው መንገድ በእርሷ በኩል አልፎ ወደ ዐባይ ሸለቆ ይወርድና ተሻግሮ ጎጃም ውስጥ ጉንደ ወይን ይደርሳል። በሰሜን በኩል ያለው የደንቆሮ ጫካ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ይጠበቃል፤ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮም ይኖሩበታል። ስሟ የሰላም ስፍራ ማለት ነው፤ ደግሞም ለብዙ ዘመን ከገበያ ቀን በቀር ብዙ የሚረብሻት አልነበረም። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንደኛውን ግቢውን በቱሉ አውሊያ፥ ሌላውን በዚህ አደረገ። ዩኒቨርሲቲው ስሙን የወሰደው ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ካረፉበት ከመቅደላ አምባ ሲሆን፥ መንግሥት አራተኛ ትውልድ ብሎ ካቋቋማቸው ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው።

አንባቢዎቻችን ዩኒቨርሲቲ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ሲመጣ የሚያመጣውን በረከት ሳያውቁት አይቀሩም። ቤት ያለው ያከራያል፤ እንጀራ የምትጋግረው ደንበኛ ታገኛለች፤ የገበሬው ልጅ ከአገሩ ሳይርቅ ከፍ ያለውን ትምህርት በዐይኑ ያያል። እኛም ይህን በረከት ለማሳነስ አንጽፍም። ነገር ግን በሦስተኛው ቀን በዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከዩኒቨርሲቲው በር ወደ ከተማው በሚወስደው መንገድ ዳር ቆመን ያየነው ነገር አሳሰበን።

ተማሪዎቹ በሦስትና በአራት እየሆኑ ይወጣሉ። ከወዲያ ማዶ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች አህዮቻቸውን እየነዱ ይመጣሉ። ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ሕፃናት ቦርሳቸውን እየጎተቱ በመካከል ይሮጣሉ። የመምህራኑ ሰርቪስ አውቶቡስ ይወጣል፤ ለተማሪዎች ምግብ ቤት ጤፍ ያወረደ ካሚዮን ወደ ኋላ እየሄደ ሊዞር ይታገላል። በዚህ ሁሉ መካከል ባጃጆች እንደ ንብ እየጮኹ ይሹለከለካሉ። መንገዱ ግን ያው የድሮው የሰፈር መንገድ ነው፤ ሁለት አህያ ተጭኖ እንዲተላለፍበት እንጂ ይህን ሁሉ እንዲሸከም ማንም አላሰበውም። የእግረኛ ማለፊያ የለውም፤ በዳሩ ያለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ አፉ ክፍት ስለሆነ እግረኛው ወደ መካከል ይገፋል።

አንዲት እናት ከደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። «ቁማችሁ ከምትቀሩ ግቡና ቡና ጠጡ፤ አቦሉ ገና ነው» ብለው ጠሩን። ቤታቸው ሁለት ክፍል ተከራይ አለበት፤ በአንደኛው መምህር፥ በሁለተኛው የማታ ትምህርት የሚማሩ ሁለት እኅትማማቾች ይኖራሉ። ስለ መንገዱ ብንጠይቃቸው እንዲህ አሉን፦

«ዩኒቨርሲቲው ባይመጣ ኖሮ ይህች ቤት ቆርቆሮዋን አትለውጥም ነበር፤ ልመርቀው እንጂ ላማው አልችልም። ግን ልጆቼ፥ ይህች የልጄ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው። ድሮ በር ላይ ስትጫወት ከወጥ ቤት ሆኜ ድምፅዋን ሰምቼ ዝም እላለሁ። ዛሬ ድምፅዋ ጸጥ ካለ ወጡ ቢያርም ትቼው እወጣለሁ። ባለፈው ክረምት አንዱ ባጃጅ ጭቃ አድጦት ከዚህ አጥር ገባ፤ ምሰሶዬን ሰብሮ ቆመ። ምሰሶው ይተከላል።»

ከዚህ በኋላ ዝም አሉና ሲኒውን አቀበሉን። ቶናው ሲቀርብ ከተከራዮቹ እኅትማማቾች ታላቂቱ ከሥራ ገባችና «እማማ፥ እኔ ልቅዳ» ብላ ጀበናውን ተቀበለቻቸው።

በማግስቱ አንድ የባጃጅ ነጂ አነጋገርን። ወጣት ነው፤ ፊቱም ትሑት ነው። «ጋሼ፥ ፍጥነቱን ወድጄው አይደለም» አለን። «ባጃጁ የሰው ነው፤ ማታ ለባለቤቱ የማገባው የቀን ገቢ አለ። ከዐሥር ሰዓት ተኩል እስከ አንድ ሰዓት ያለችው ጊዜ ናት እኔን የምታበላኝ። ተማሪው ራት ሳያመልጠው፥ በሩም ሳይዘጋበት ለመመለስ ይቸኩላል፤ እኔ ደግሞ ሌላውን ለመጫን እቸኩላለሁ።» እኛም ይህን ከሰማን በኋላ ነጂውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ሆኖ ታየን። ችኮላው የተፈጠረው ከመሪው ላይ ሳይሆን ከሰዓቱና ከበሩ ላይ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት እንቆይ፤ የአገራችን ዩኒቨርሲቲ ከሌላው ዓለም የሚለይበት ነውና። በብዙ የውጭ አገሮች ተማሪው ከቤቱ ወይም ከኪራይ ቤቱ በጧት ይመጣል፥ በማታ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጭንቁ አውቶሞቢሉን የሚያቆምበት ቦታ ነው። በእኛ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግን መደበኛው ተማሪ ከግቢው ውስጥ ያድራል፥ ከግቢው ውስጥ ይመገባል፤ ወጪውንም ከተመረቀ በኋላ ተካፍሎ ይከፍላል። አውቶሞቢል የለውም። እንግዲህ የእኛ ግቢ የሚያወጣው ጎርፍ የእግረኛ ጎርፍ ነው፤ የሚፈስሰውም ከትምህርት በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓቶችና በሰንበት ቀን ነው። ከዚያ ላይ የመምህሩና የሠራተኛው መመላለስ፥ የቀለቡ ካሚዮን፥ የማታው ተማሪ ይጨመራል። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ደግሞ፥ አዲስ ተማሪ በሚገባበትና የተመረቀው በሚሸኝበት ቀን፥ ወላጅ ከየአገሩ አበባና ድፎ ዳቦ ይዞ ሲመጣ ከተማዋ በአንድ ቀን እጥፍ ትሆናለች። ይህን ሳይለዩ «መንገዱ ይስፋ» ብቻ ማለት በሽታውን ሳይመረምሩ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው።

ደግሞም መንገዱ ቢሰፋና አስፋልት ቢለብስ፥ ሌላም ነገር ካልተደረገለት፥ ባጃጁና ካሚዮኑ ይፈጥናሉ እንጂ እግረኛው አይጠቀምም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ 8 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ60 የሚሄደው ግን ወደ 17 ሜትር ይጠጋል። ሕፃን ከአጥር ሥር ብቅ ስትል ነጂው አይቶ እግሩን ወደ ፍሬኑ እስኪያደርስ የሚያልፈው ርቀት ይህ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚመታበት ኃይል እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ወላጆች ይህን ቁጥር ቢይዙት መልካም ነው።

አዲስ አበባ ይህን ትምህርት በዘግየታ ነው የተማረችው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ከተማዋ ሰፊ ሜዳ ነበራት። በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ ዋናው ግቢ ስድስት ኪሎ ሆነ፤ ሌሎቹ ትምህርት ክፍሎች አራት ኪሎና አምስት ኪሎ ላይ ነበሩ። ስለዚህ ተማሪው ከሦስቱ ግቢዎች ወዳንዱ ለመሄድ በዚያው በአንዱ ጎዳና ይመላለሳል። ዛሬ በስድስት ኪሎ አደባባይ፥ በየካቲት 12 ሐውልት ዙሪያ፥ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣው ታክሲና አውቶቡስ፥ ወደ ሆስፒታሉ የሚሄደው በሽተኛና ከዩኒቨርሲቲው በር የሚወጣው ተማሪ ሁሉም በአንድ ላይ ይገናኛሉ። በመዲናይቱ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሆነው በእግር ነው፤ በመኪና አደጋ ከሚሞቱትም የሚበልጡት እግረኞች ናቸው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በወሰኑት እሑድ ጎዳናዎችን ከመኪና እያስለቀቁ ለሰው መስጠት ተጀምሮ ነበር፤ ሕፃናት በአስፋልት መካከል ሲጫወቱ ያየ ሰው ከተማው ምን እንዳጣ ያን ቀን ይገባዋል።

ባሕር ዳር ደግሞ ሌላ ነገር ታስተምረናለች። እዚያ የፖሊ ቴክኒክና የፔዳጎጂ ትምህርት ቤቶች ኋላ ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ፥ ሰፈሩ እንኳ እስከ ዛሬ «ፔዳ» እየተባለ ይጠራል። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ተማሪውም መምህሩም በብስክሌት ይሄድ ነበር፤ ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ግን ብስክሌቱ እያነሰ ሄደ። ያለ ጭስና ያለ ጩኸት የሚሄደው መጓጓዣ ራሱ ሲሸሽ ያስቆመው አልነበረም፤ ያሳዝናል።

ከባሕር ማዶ ካሉት አንዱን ብቻ እንጥቀስ። በካሊፎርንያ ዴቪስ የምትባል ትንሽ የእርሻ ከተማ ነበረች። በእኛ አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. ግድም በዚያ ያለው የእርሻ ኮሌጅ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሊያድግ ሲነሣ፥ የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ግቢው ለብስክሌተኛ እንዲታቀድ አዘዙ፤ የግቢው መካከልም ለመኪና ተዘጋ። ከተማው ግን ዝም ብሎ ቆየ። ኋላ አንድ የምጣኔ ሀብት መምህር ከነቤተ ሰቡ ሆላንድ ሰንብቶ መጣ፤ እዚያ እናቶች ከነልጆቻቸው ለብስክሌት በተለየ መንገድ ያለ ሥጋት ሲሄዱ አይተው ስለ ነበር፥ ከባለቤቱ ጋር ሆነው ጎረቤቱን አሰባስበው ማመልከቻ አስፈረሙ። የከተማው ምክር ቤት መጀመሪያ አልተቀበላቸውም። እነርሱም አልተቆጡም፤ ምርጫ ጠበቁ። በፈረንጆች 1966 ዓ.ም. ሐሳቡን የሚደግፉ ሰዎች ተመረጡ፤ በሚከተለው ዓመት ለብስክሌት የተለየ መሥመር በከተማው ጎዳና ላይ ተሠመረ። በአሜሪካ አገር የመጀመሪያው እርሱ ነው። የደጋ ዳገት ለብስክሌት ስለማይመች ይህን እንዳለ ወደ መካነ ሰላም እናምጣ ማለታችን አይደለም። እኛን የገረመን ነገሩ የተጀመረው ከአንድ ቤተ ሰብ ጓዳ መሆኑ ነው።

ታዲያ መካነ ሰላም ላይ ምን ይቻላል? ብዙ ገንዘብ የማይፈልግ ብዙ ነገር አለ። አንደኛውና በእኛ አስተያየት ዋነኛው፥ የእግረኛውንና የተሽከርካሪውን በር መለየት ነው። ካሚዮኑና ሰርቪሱ በአንድ በኩል ቢገቡ፥ ተማሪው በሌላ በኩል ቢወጣ፥ ጎርፉ ለሁለት ይከፈላል። ለእግረኛውም ሁለት ሦስት በር ቢኖረው ወደ ገበያው የሚሄደው፥ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚሄደውና ለጁምዓ ወደ መስጊድ የሚሄደው በአንዲት ጠባብ መንገድ ላይ አይጋፉም። ጥበቃ ይበዛበታል የሚል መከራከሪያ ሰምተናል፤ እውነት ነው፥ በር ሲጨመር ዘበኛ ይጨመራል። የዘበኛ ደመወዝ ግን የሕፃን እግር ያህል አይወደድም። ቀጥሎ የቀለቡ ካሚዮን ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበትና በሚመለሱበት ሰዓት እንዳይገባ መቅጠር ይቻላል፤ ይህ ከአንዲት ደብዳቤ በላይ ወጪ የለበትም።

የድንጋይ ንጣፉ ነገርም ሊታሰብ ይገባል። ከ1990ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ በአገራችን ከተሞች የተስፋፋው ኮብልስቶን ለሰፈር ውስጥ መንገድ ከአስፋልት ይልቅ የሚሻልበት ምክንያት አለው፤ ድንጋዩ ከአገሩ ይጠረባል፥ የሚጠርበውም የአገሩ ወጣት ነው፥ መኪናም በላዩ ላይ ሲሄድ ስለሚንቀጠቀጥ ሳይወድ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቦዩ በጠፍጣፋ ድንጋይ ቢከደን ክዳኑ ራሱ የእግረኛ ማለፊያ ይሆናል። በትምህርት ቤቱ ፊት አንድ ጉብታና አንድ ዜብራ ቢጨመርለት የበለጠ ነው።

ስለ ባጃጁም ቢሆን ሒሳብ እንሥራ። አንድ ባጃጅ በደንቡ ሦስት ሰው ይጭናል። ሦስት መቶ ተማሪ በአንድ ማታ ወደ ከተማ መውጣት ቢፈልግ መቶ የባጃጅ ጉዞ ነው፤ ሲመለስም ሌላ መቶ። የመምህራኑ ሰርቪስ ማታ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በተወሰነ ሰዓት ተማሪውን በጥቂት ሳንቲም ቢያመላልስ፥ ስድሳ ሰው የሚይዘው አምስት ጊዜ ሄዶ ይጨርሰዋል። ይህ ሲሆን የባጃጅ ነጂው እንጀራ እንዳይነካ የራሱ ማቆሚያና ተራ ሊበጅለት ይገባል፤ ያ ወጣት ያለውን አልረሳንም። የበሩ መዝጊያ ሰዓት እንኳ በጥቂት ቢዘገይ ችኮላው ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ ለሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ብናጫውታቸው፥ ፈገግ ብለው «እኛ እኮ ለሬሳ መንገድ እናውቃለን፤ ሬሳ ሲያልፍ ሁሉም ይቆማል። ለሕያው መንገድ ብንሰጥ ምን ይለናል?» አሉን። የእድሩ ሰዎች፥ የዩኒቨርሲቲው ሹማምንት፥ ማዘጋጃ ቤቱና የባጃጅ ነጂዎቹ ማኅበር በአንድ ወንበር ዙሪያ ተቀምጠው ያውቁ እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። ለምረቃ በዓል ድንኳን ስለ መዋዋስ ተገናኝተው ያውቃሉ፤ ስለ መንገዱ ግን ገና ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ጦርነት በክልሉ የመንገዱንም የትምህርቱንም ሥራ ደጋግሞ አሰናክሎታል። ግቢ የሠራ ከተማ ግን ተማሪውን መጠበቁ አይቀርም፤ ጸጥ ባለ ጊዜ መንገድ መጥረግ ደግሞ ሰው በሞላበት ጊዜ ከመጥረግ ይቀላል። ወረኢሉ ሠራዊቱ ከመድረሱ በፊት ነበር ተቀጣጥራ የተዘጋጀችው።

ልንመለስ በተነሣንበት ጧት በእኚያ እናት ደጃፍ አለፍን። ቦርሳዋን ያዘለችው ልጅ በመንገዱ ዳር ቆማለች። አያቷ ነጠላቸውን መስቀልያ አጣፍተው፥ በአንድ እጃቸው እርሷን ይዘው፥ ሌላውን እጃቸውን ወደ መንገዱ ዘረጉ። አንድ ባጃጅ ቆመ፤ ሁለተኛው ግን ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ። በዚያን ጊዜ ከላይ ከዩኒቨርሲቲው በኩል የመጡ ሁለት ተማሪዎች ከመንገዱ መካከል ገብተው በግራና በቀኝ ቆሙላቸው፤ አሮጊቲቱና ልጂቱም በመካከላቸው ተሻገሩ።